ለመጀመሪያ ሮቦት ዕቃ ስትገዙ ከሞተሩ ጀምሩ

ሮቦት ልሥራ ብሎ የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው አንጎሉን ነው። እኔም ያደረግሁት እንደዚያ ነበር። የተሻለ ያልኩትን ቦርድ፣ ማለትም ኮዱ የሚጫንበትን ትንሽ ኮምፒውተር ገዛሁ። በተረፈችኝ ገንዘብ ሞተር፣ ለሞተሩ ኃይል የሚያድለውን የሞተር ድራይቨርና ባትሪ ለቃቀምኩ። ሁሉም ተገጣጥሞ ሲያልቅ ሮቦቷን መሬት ላይ አስቀመጥኳት። መብራቷ በራ፣ ጎማዋ ሩብ ዙር ዞረ፣ መብራቷ ጠፋ። እንደገና በራ፣ እንደገና ሩብ ዙር፣ እንደገና ጠፋ። ሦስት ምሽት ኮዱን ስመረምር አሳለፍኩ። ኮዱ ምንም አልነበረበትም። ሞተሩ ሊነሳ ሲል የሚስበውን ኃይል ባትሪው መስጠት አልቻለም። ቮልቱ በአንድ ጊዜ ሲወርድ ቦርዱ አብሮ ይጠፋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዕቃ ምረጥልኝ ላለኝ ጀማሪ ሁሉ ቅደም ተከተሉን እገለብጥለታለሁ። መጀመሪያ ሞተር። ሞተሩ ድራይቨሩን ይመርጣል። ሁለቱ ተባብረው ባትሪውን ይመርጣሉ። ቦርዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ሴንሰሩ ደግሞ ከሁሉ መጨረሻ። እዚህም የምሄደው በዚሁ መንገድ ነው። የማወራው በጎማ ስለምትሄድ፣ ግድግዳ ስታገኝ ስለምትዞር ወይም መስመር ስለምትከተል ትንሽ ሮቦት ነው። በእግር የሚራመደው፣ ክንድ ያለውና የሚበረው ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ሙሉ ኪት ወይስ ለየብቻ?

ሙሉ ኪት ማለት ከቦርዱ እስከ ብሎኑ አንድ ሳጥን ውስጥ ገብቶ የሚሸጥ ነው። ትልቁ ጥቅሙ የሚጎድል ነገር አለመኖሩ ነው። ዕቃ ለየብቻ ሲገዛ አንዲት ብሎን ወይም አንዲት ሽቦ ጠፍታ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ያኔ ብዙ ጀማሪ ወኔው ይቀዘቅዛል። በኪት ግን ቀዳዳውም ብሎኑም ልክ በልክ ነው።

ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው። ኪት አዘጋጆች ወጪ የሚቀንሱት ዓይን በማያርፍበት ዕቃ ላይ ነው። ማስታወቂያው «20 ሴንሰር ያለው» ይላል። የባትሪ መያዣው ግን ልል ነው፣ ሽቦው ቀጭን ነው፣ ድራይቨሩ የድሮ ነው። ከ20ው ሴንሰር ለመጀመሪያዋ ሮቦት የሚያስፈልገው ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። የቀረው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

እኔ የምመርጠው መካከለኛ መንገድ አለ። የአካል ኪት የሚባል ነገር ይሸጣል። ኤሌክትሮኒክስ የለውም። አንድ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ፣ ሁለት ሞተር፣ ሁለት ጎማ፣ ከፊት ወይም ከኋላ የምትደግፍ አንድ ተሽከርካሪ ጎማ፣ የባትሪ መያዣና ብሎኖች ብቻ ነው ያለው። መጋዝና መሰርሰሪያ የሚጠይቀው አድካሚ ሥራ በዚህ ይቀልላችኋል። ድራይቨሩን፣ ባትሪውንና ቦርዱን ግን ራሳችሁ መርጣችሁ ትገዛላችሁ። ሙሉ ኪት የምመክረው ለሕፃን ስጦታ ለሚገዛ ወይም ሲቸግረው የሚጠይቀው ሰው ለሌለው ነው። እነሱም ቢሆኑ ከመክፈላቸው በፊት የድራይቨሩን ስም፣ የባትሪውን ዓይነትና ሞተሩ ላይ ሽቦ ተበይዶ መምጣቱን ይዩ።

ሞተር

ቢጫ የፕላስቲክ ሳጥን ያላት፣ በሁሉም የሮቦት ፎቶ ላይ የምትታየው ሞተር ቲቲ ሞተር ትባላለች። ርካሽ ናት፣ ከ3 እስከ 6 ቮልት ትሠራለች፣ ጎማዋ ያለ ምንም ብሎን ይገጠምላታል። በብዛት የሚገኘው 1 ለ 48 የተባለው ነው። ውስጥ ያለው ትንሽ ሞተር 48 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በ6 ቮልት ጭነት ሳይኖርባት በደቂቃ 200 ዙር ገደማ ትዞራለች። ከተለመደው የ65 ሚሊሜትር ጎማ ጋር ስትሆን በሰከንድ ከግማሽ ሜትር በላይ ትሄዳለች። ለመጀመሪያ ሮቦት ይህ ከበቂም በላይ ነው፤ ፍጥነቱን እንዲያውም ትቀንሱታላችሁ።

ድክመቷን አልደብቅም። ጊሩ ፕላስቲክ ስለሆነ ጎማውን በእጅ ይዞ በግድ ማዞር ጥርሱን ይበላዋል። ሽቦ የሚበየድባት የመዳብ ምላስ ቀጭን ናት፤ ሁለት ሦስቴ ከታጠፈች ትቆረጣለች። ስለዚህ ሽቦ ተበይዶላቸው የሚመጡትን ፈልጉ። ደግሞም ሁለት ቲቲ ሞተር እኩል አይዞሩም። ሮቦቷ ቀጥ ብላ ሂጂ ስትባል ወደ አንድ ጎን ታጋድላለች። ይህ የዕቃ ብልሽት ስላልሆነ ሻጩ ጋር አትጣሉ፤ የፈጣኑን ሞተር ፍጥነት በኮድ መቀነስ ይበቃል። 1 ለ 120 የሆኑ ቲቲ ሞተሮችም አሉ፤ መልካቸው ያው ስለሆነ የምትገዟቸው ሁሉ አንድ ዓይነት መሆናቸውን አረጋግጡ። ሁለት ሲያስፈልጋችሁ ሦስት ግዙ። ያቺ ትርፍ ሞተር አንድ ቀን ሥራችሁን ታድናለች።

ከቲቲ ቀጥሎ የምትነሳው ኤን20 ናት። ጣት ታህላለች፣ ጊሯ ብረት ነው፣ ጠንካራ ናት። ዋጋዋን ብቻ ስታዩ ከቲቲ ብዙም የራቀች አትመስልም። ግን መያዣዋ ለብቻ፣ ጎማዋም ለብቻ ይገዛል። ተደምሮ ሲታይ ወጪው ያድጋል። ሌላም ወጥመድ አለባት። የ6 ቮልቷና የ12 ቮልቷ፣ ቀርፋፋዋና ፈጣኗ በመልክ አይለዩም። ፈጣን መስመር ተከታይ ወይም በጣም ትንሽ ሮቦት ካማራችሁ ኤን20 ግሩም ምርጫ ናት። ለመጀመሪያዋ ግን አልቸኩልባትም።

ያለማቋረጥ የሚዞር ሰርቮ ሦስተኛው አማራጭ ነው። ድራይቨሩ ሆዱ ውስጥ ስላለ ሦስት ሽቦ ብቻ ታገናኛላችሁ፤ ሌላ ድራይቨር መግዛት ቀረ ማለት ነው። መበየድም ሆነ ብዙ ሽቦ ማገናኘት ለሚፈራ ሰው ጥሩ መግቢያ ነው። ፍጥነቱ ዝቅተኛ ነው። ስትገዙ የምትጠነቀቁት አንድ ነገር አለ። ሰማያዊዋ ትንሽ ሰርቮ ኤስጂ90 በተለመደው ዓይነቷ 180 ዲግሪ ብቻ ዞራ ትቆማለች። 360 የሚባለው፣ ያለማቋረጥ የሚዞረው ዓይነት በመልክ ቁርጥ እሷን ነው። ተሳስቶ የገዛ ሰው ጎማው ግማሽ ዙር ሄዶ ይቆምበታል።

28ቢዋይጄ-48 የምትባለው ስቴፐር (በትንንሽ እርምጃ የምትዞር) ሞተርም በርካሽ ትገኛለች፤ ብዙ ጊዜ ከነድራይቨሯ ናት የምትሸጠው። ልክ የታዘዘችውን ያህል ትዞራለች። ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ለምትስል ሮቦት ከእሷ የተሻለ በዚያ ዋጋ አይገኝም። ግን በደቂቃ 15 ዙር ገደማ ነው የምትዞረው፤ ቆማም ኃይል ትስባለች።

እዚሁ ላይ የጎማ ቁጥርንም ልጨርስ። ባለ አራት ሞተር አካል ያምራል፣ መኪናም ይመስላል። ነገር ግን ለመዞር ጎማዎቹን ወደ ጎን እየጎተተ ነው፤ ያ ብዙ ኃይል ይበላል። ሞተሩ እጥፍ ሲሆን የባትሪና የድራይቨር ጭነቱም እጥፍ ነው። ለስላሳ ወለል ላይ ለምትሄድ ሮቦት ሁለት ሞተርና አንድ ደጋፊ ጎማ ይሻላል። ርካሹም እሱ ነው።

ድራይቨር

ቦርዱ ሞተሩን በቀጥታ ማንቀሳቀስ አይችልም። ኋላ የምናየው የተለመደው ቦርድ የአርዱዪኖ ኡኖ አንዲት ፒን (ሽቦ የሚገናኝባት እግር) በደህና የምትሰጠው 20 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። 40 የመጨረሻ ወሰኗ ነው። ቲቲ ሞተር ስትሄድ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊአምፔር ትስባለች። ጎማዋ ተይዞ ስትታገል ደግሞ ከ1 አምፔር ታልፋለች። በመካከል ሆኖ ከባትሪው እየወሰደ ለሞተሩ የሚያድለው ድራይቨሩ ነው።

በየኪቱ ውስጥ የምታገኙት ቀዩና ትልቅ ጥቁር ብረት የተሸከመው ኤል298ኤን ነው። በአንድ ሞተር እስከ 2 አምፔር ይችላል ተብሎ ይሸጣል። ሽቦው በብሎን ስለሚታሰር ለጀማሪ እጅ ይመቻል። በቀላሉም አይቃጠልም። ችግሩ አሮጌ አሠራሩ ነው። በውስጡ ሲያልፍ ወደ 2 ቮልት ገደማ በሙቀት መልክ ይጠፋል። ያ ጥቁር ብረት የተለጠፈበትም ለዚሁ ነው፤ ሙቀቱን ለመበተን።

ይህን በቁጥር ብታዩት ይገባችኋል። አራት ቻርጅ የሚደረጉ ድንጋዮች 4.8 ቮልት ይሰጣሉ። ከዚያ ላይ 2 ቮልት ድራይቨሩ በላ። ለሞተሩ የደረሰው 2.8 ቮልት ነው። ቲቲ ሞተር ደግሞ ከ3 ቮልት በታች መነሳት ያቅታታል። ብዙ ሰው ሞተሩን ይረግማል፤ ሞተሩ ግን ምግቡ ሳይደርሰው ነው።

ቲቢ6612ኤፍኤንጂ የተባለው ትንሽ ድራይቨር በአዲሱ አሠራር የተሠራ ነው። የሚያጠፋው ቮልት በጣም ጥቂት ነው። በአንድ ሞተር 1.2 አምፔር ያለማቋረጥ ይሰጣል፤ ለቅጽበት ደግሞ እስከ 3.2 ይችላል። ለሁለት ቲቲ ሞተር ልኩ ነው። ዲአርቪ8833ም ወንድሙ ነው ማለት ይቻላል። በ1.5 አምፔር አካባቢ ይሠራል፣ የሚያስፈልገው ፒን ያንሳል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ነገር ግን ከ10.8 ቮልት በላይ አትስጡት። ሁለቱም ብሬድቦርድ (ዕቃና ሽቦ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ) ላይ ይሰካሉ፤ ፒናቸው ግን ሳይበየድ ሊመጣ ይችላል። መበየጃ ከሌላችሁ «ፒን የተበየደለት» የሚለውን ምረጡ።

ኤል9110ኤስ ከሁሉም ርካሽ ነው። 800 ሚሊአምፔር ነው አቅሙ። ቲቲ ሞተር ስትታገል ከምትስበው ያንሳል። ለቀላል ሮቦት፣ ለአጭር ጊዜ ሙከራ ይሆናል፤ ግድግዳ ገፍታ ለምትቆም ሮቦት ግን አላምነውም።

ኤል298ኤን እጃችሁ ላይ ካለ አትጣሉት። የባትሪውን ቮልት ከፍ አድርጉለትና ይሠራል። አዲስ የሚገዛ ሰው ግን ቲቢ6612ን ወይም ዲአርቪ8833ን ይውሰድ። የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ነው። የምታተርፉት ባትሪ ከዚያ ይበልጣል።

ባትሪ፣ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት

መግቢያዬ ላይ ያነሳሁት ባትሪ ባለ 9 ቮልቷ አራት ማዕዘን ድንጋይ ነበረች። 9 ከ6 ስለሚበልጥ የተሻለች መስላኝ ነበር። ቮልት ብቻውን ግን ምንም አይናገርም። የዚያች ባትሪ ሆድ ሲከፈት ስድስት ጥቃቅን ሴሎች ናቸው ያሉት። እያንዳንዳቸው ትንሽ ስለሆኑ ብዙ አምፔር ባንድ ጊዜ መስጠት አይችሉም። የተሠራችው እንደ ጭስ ማስጠንቀቂያ ላለ፣ ቀስ እያለ ጥቂት ለሚስብ ዕቃ ነው። ሻጮች ከሮቦት ኪት ጋር አብረው ይሰጧታል። ቦርዱን ለብቻው ለመሞከር ተጠቀሙባት፤ ሞተር ላይ ግን አታስገቧት።

ከዚያ የሚሻለው ተራው ደብል ኤ ድንጋይ ነው። አንድ ጊዜ ተጠቅመን የምንጥለው አልካላይን 1.5 ቮልት ነው። አራቱ 6 ቮልት ይሆናሉ፣ ቲቲ ሞተርን በደንብ ያንቀሳቅሳሉ። ለሙከራ ጥሩ ነው። ሮቦት ስትሞክሩ ግን ቀን ከሌት ነው የምታስኬዷት፤ ድንጋይ እየገዙ መጣል ኪስ ይጎዳል።

ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ለጀማሪ የምመክረው ነው። በሴል 1.2 ቮልት ነው፤ ዝቅ ያለ ይመስላል። ሞተር ሲስበው ግን አልካላይን ቶሎ ሲወርድ እሱ ቮልቱን ይዞ ይቆያል። ጥሩዎቹ 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት አካባቢ ይይዛሉ። በጣም የምወደው ጠባዩ ግን ገር መሆኑ ነው። በስህተት ሾርት ቢደረግ ይግላል፣ ሽቦም ሊያቃጥል ይችላል፤ ነበልባል የማስነሳት አደጋው ግን ከሊቲየም በጣም ያነሰ ነው። ቻርጀሩን ለመግዛት መጀመሪያ ትንሽ ወጪ አለው። ያ ወጪ ዕቃው ሁሉ ተበላሽቶ ቢጣል እንኳ ለሌላ ሥራ የሚተርፍ ነው።

18650 የሚባለው ሊቲየም ሴል በኃይል ሁሉንም ይበልጣል። ስሙ ልኩ ነው፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። ሞልቶ 4.2 ቮልት ነው፤ ከ3 ቮልት በታች ማውረድ ይጎዳዋል። ሁለት በተከታታይ ሲገናኙ ለሮቦት የሚመች ቮልት ይሰጣሉ። ነገር ግን ገበያው በውሸት የተሞላ ነው። ከታወቁ አምራቾች የሚወጡት ብዙውን ጊዜ ከ2000 እስከ 3500 ሚሊአምፔር ሰዓት ናቸው። ላዩ ላይ 9900 ተብሎ የተጻፈበት ካያችሁ ፌክ ነው፤ እንዲያ የሚይዝ 18650 የለም። ክብደቱም ይናገራል። ትክክለኛው 45 ግራም አካባቢ ሲሆን ፌኩ ብዙ ጊዜ እጅ ላይ ይቀልላል። ሊቲየም ሾርት ከሆነ ወይም ከመጠን በላይ ቻርጅ ከተደረገ ይቃጠላል። መከላከያ ሰርኪት ያለው ሴልና ትክክለኛ ቻርጀር ሳይኖር አትጀምሩ። ሕፃናት በሚነኩት ሮቦት ላይ እኔ አላደርገውም።

ቤት ውስጥ ፓወር ባንክ ካላችሁ ሌላ መላ አለ። ቦርዱን በዩኤስቢ ከፓወር ባንኩ፣ ሞተሮቹን ከአራት ቻርጅ የሚደረጉ ድንጋዮች አብሏቸው። ሞተሩ ቮልቱን ቢያወርድ ቦርዱን አይነካውም። እኔን ሦስት ምሽት ያስለፋኝ ችግር በዚህ ይጠፋል። የሁለቱን ኔጌቲቭ ማገናኘት ግን አትርሱ፤ ካልተገናኘ ድራይቨሩ የቦርዱን ትእዛዝ አይሰማም። አንዳንድ ፓወር ባንክ የሚሳበው ኃይል ትንሽ ሲሆን ሥራ የለም ብሎ ራሱን ያጠፋል። የናንተው እንደዚያ ከሆነ ይህ መንገድ አይሆናችሁም። ያኔ ስድስት ድንጋይ የሚይዝ መያዣ ገዝታችሁ ቦርዳችሁ ያን ያህል ቮልት የሚቀበል ከሆነ በ7.2 ቮልት ሁሉንም ከአንድ ምንጭ አብሉ፤ የሞተሩን ፍጥነት በኮድ ገደብ አድርጉበት።

አሁን አንጎሉ

እዚህ ስንደርስ ምርጫው ቀላል ይሆናል፤ ምክንያቱም ለዚህች ሮቦት ሁሉም ቦርድ አቅሙ ይበቃል። ልዩነቱ ምቾት ላይ ነው።

የተለመደው አርዱዪኖ ኡኖ (አር3) 32 ኪሎባይት ማኅደረ ትውስታ ላይ ፕሮግራም ይይዛል፤ ፍጥነቱ 16 ሜጋኸርዝ ነው። በዛሬ ዓይን ደካማ ነው። ግን የትኛውንም ችግር ብትፈልጉ ከናንተ በፊት አንድ ሰው ገጥሞት መፍትሔውን ጽፎታል። በ5 ቮልት ስለሚሠራ ከርካሽ ሴንሰሮች ጋር ያለ ጣጣ ይግባባል። አርዱዪኖ ናኖ ቺፑ ያው ነው፤ አካሉ ግን ትንሽ ነው፣ ብሬድቦርድ ላይ ይሰካል፣ ዋጋውም ያንሳል። ለጠባብ ገንዘብ እኔ የምለው ናኖ ነው። የአርዱዪኖ ንድፍ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ሌላ አምራች ቢሠራው ሕገ ወጥ አይደለም። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ሲኤች340 የሚባል የዩኤስቢ ቺፕ አላቸው። ኮምፒውተራችሁ ቦርዱን አላየሁም ካለ የዚያን ቺፕ ድራይቨር ሶፍትዌር (ኮምፒውተሩ ከቺፑ ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም፤ ከሞተር ድራይቨሩ ጋር አይገናኝም) ጫኑ። ቦርዱ ተበላሽቷል ብላችሁ አትመልሱ። አብሮት የሚመጣው ኬብልም ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ሊሆን ይችላል፤ ዳታ በሚያስተላልፍ ሌላ ኬብል ሞክሩ።

ኢኤስፒ32 በዋጋ ከናኖ ኮፒ ብዙ አይርቅም። በውስጡ ግን ዋይፋይና ብሉቱዝ አለው፤ ፍጥነቱ እስከ 240 ሜጋኸርዝ ይደርሳል። ሮቦቷን በስልክ መንዳት ካሰባችሁ ምርጫው እሱ ነው። በናኖ ላይ የብሉቱዝ ሞጁል ለብቻ ከመግዛት ይረክሳል። ሦስት ነገር ግን ታስቦ ይገባበታል። በ3.3 ቮልት ነው የሚሠራው፤ 5 ቮልት ወደ ፒኑ ከገባ ሊጎዳ ይችላል። አንዳንድ ፒኖቹም ቦርዱ ሲነሳ ልዩ ሥራ ስላላቸው በዘፈቀደ አይገናኙም። ደግሞ ዋይፋይ ሲከፈት ኃይል በድንገት ይስባል። ስለዚህ ደካማ ባትሪን አይታገሥም።

ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ በ2021 የወጣ ነው። እሱም 3.3 ቮልት ነው፤ ፓይተን የሚባለውን የኮድ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ለትንንሽ ቦርድ በተዘጋጀው በማይክሮፓይተን ቶሎ ይለምደዋል። ከሦስት ድንጋይ በቀጥታ መሥራት መቻሉ ደስ ይላል። ፒኑ ብዙ ጊዜ ሳይበየድ ነው የሚሸጠው። ዋይፋይ ከፈለጋችሁ ፒኮ ደብልዩ የተባለውን ነው የምትጠይቁት።

ለልጅ ከሆነ ማይክሮቢት ይታሰብ። በ2016 በእንግሊዝ ለተማሪዎች የታደለ ቦርድ ነው። 25 ትንንሽ መብራትና የእንቅስቃሴ ሴንሰር በላዩ አለ። ኮዱ ሥዕል እንደ መገጣጠም ነው። ከሞተር ጋር ለማገናኘት ግን ተጨማሪ ቦርድ ይገዛለታል፤ ሒሳቡ ላይ እሱን ደምሩ።

ሙሉው ራስፕቤሪ ፓይስ? እሱ ኮምፒውተር ነው። ካሜራ አይቶ ለሚወስን ሮቦት ያስፈልጋል። ለመጀመሪያዋ አይመከርም። ኃይል ይበላል፣ ሚሞሪ ካርድ ይፈልጋል፣ ሳይዘጉት ባትሪው ከተነቀለ ካርዱ ላይ ያለው ሊበላሽ ይችላል።

ሴንሰር

ሁለት ዓይን ያላት የምትመስለው ኤችሲ-ኤስአር04 ድምፅ ልካ ሲመለስ በወሰደው ጊዜ ርቀት ትለካለች። ከ2 ሴንቲሜትር እስከ 4 ሜትር ነው የሚባለው። ርካሽ ናት፤ ለጠንካራ ግድግዳ ጥሩ ናት። መጋረጃና ለስላሳ ወንበር ድምፁን ይውጡታል፣ ያጋደለ ግድግዳም ወደ ሌላ አቅጣጫ ያነጥረዋል። መልስ የምትሰጥበት ፒን 5 ቮልት ስለሚያወጣ ኢኤስፒ32 ወይም ፒኮ ላይ ስትገናኝ ቮልቱን የሚቀንሱ ሁለት ሬዚስተር በመካከል ይግባ፤ ወይም በ3.3 ቮልት የምትሠራዋን ዓይነት ግዙ።

ቪኤል53ኤል0ኤክስ በሌዘር ይለካል፣ እስከ 2 ሜትር ያያል፣ መጋረጃም አያታልለውም። ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ለመጀመሪያዋ ሮቦት በድምፅ የምትለካዋ ትበቃለች። መስመር ለመከተል ደግሞ ቲሲአርቲ5000 ያለበት የኢንፍራሬድ ሴንሰር ሁለት ወይም ሦስት ይግዙ። ወለሉን ልትነካ እስክትደርስ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ርቀት ላይ መሰቀል አለባት። የፀሐይ ብርሃን ያሳስታታል።

ቆጥቡበት፣ አትቆጥቡበት

አካሉ ላይ ያለ ምንም ሐሳብ ቆጥቡ። ወፍራም ካርቶን፣ የፕላስቲክ ክዳን፣ ስስ ጣውላ ሁሉ ይሆናል። የመጀመሪያ ሮቦት አካል ሦስት አራት ጊዜ ይፈርሳል፤ ካርቶን ሲሆን መቁረጡም መቀየሩም ቀላል ነው። ሞተሩን በፕላስቲክ ማሰሪያ ወይም በሁለት ፊት በሚለጠፍ ፕላስተር መያዝ ይቻላል።

ጃምፐር ሽቦ (ጫፉ ያለ ብየዳ የሚሰካ ሽቦ)ና ብሬድቦርድ ላይ ግን አልቆጥብም። ልል ብሬድቦርድ ላይ የተሰካ ሽቦ ሮቦቷ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ይላቀቃል። ያ ዓይነት ብልሽት ቆማ ስትፈተሽ አይታይም፤ ለማግኘት ከባድ የሆነውም ለዚህ ነው። ከወንድ ወደ ወንድና ከወንድ ወደ ሴት የሚሉትን ሁለቱንም ዓይነት ሽቦ ግዙ። በሞተሩ ሁለት ምላስ መካከል የምትበየድ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ዋጋዋ ከቁጥር አይገባም፤ ሞተሩ የሚረጨውን የኤሌክትሪክ ረብሻ ታረጋጋለች። የኃይል ማብሪያ ማጥፊያም ጨምሩ። በችግር ሰዓት ሽቦ ከመጎተት ይሻላል።

ከሴንሰሮች ሁሉ በፊት ግን ቮልት የሚለካ አንድ ርካሽ መልቲሜትር ግዙ። ሦስቱ ምሽቴ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር፤ ሞተሩ ሲነሳ የባትሪውን ቮልት ለክቼ ቢሆን።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ዕቃው እጃችሁ ሲገባ ወዲያው አትገጣጥሙት። የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ አንድ በአንድ ፈትኑ። ሞተሮቹን በቀጥታ ከድንጋይ ጋር አገናኝታችሁ ሁሉም መዞራቸውን፣ ጊራቸው አለመንኳኳቱን ስሙ። ቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት የሚያበራና የሚያጠፋ ኮድ ጫኑበት። ድራይቨሩን በአንድ ሞተር ሞክሩ፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይዙር። በመጨረሻ ሁሉንም አገናኙና ሮቦቷን በመጽሐፍ ላይ አንሥታችሁ ጎማዎቿ አየር ላይ ሆነው አስኬዱ። አንዱን ጎማ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ያዙትና የቦርዱን መብራት ተመልከቱ። መብራቱ ካልተንቀጠቀጠ፣ ቦርዱም ካልጠፋ፣ መሬት ላይ አውርዷት።